ከእንሰቱ የሰረቅኩት ፍግ

በቀደም መናኸሪያው አጠገብ ሳልፍ አንዲት ሴት በከረጢት የሞላ ፍግ ለአበባ ተካዮች ስትሸጥ አየሁ። በደንብ የተብላላ፣ ጥቁር ፍግ ነበር። ዝናብ ስላካፋበት ሽታው ተነስቶ መንገዱን ሞልቶታል። ከአዲስ አበባ መኪና የወረዱ መንገደኞች አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ፤ እኔ ግን ዘንቢሌን አስቀምጬ ቆምኩ። የእናቴ ጓሮ ሽታ ነበር። ሰው ፍግ ሸጦ ሲኖር እናቴ ብታይ ጉድ ትል ነበር። በእሷ ጓሮ አንድ ቅርጫት ፍግ ቦታውን ከሳተ ቤቱ ይታመሳል። አንድ ጊዜ እኔው ቤቱን አምሼዋለሁና እንዴት እንደነበር ላጫውታችሁ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የሳይንስ መምህራችን የሰላጣ ዘር በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ አደለንና “ቤታችሁ ሞክሩት” አለን። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ጣሉት። እኔ መሬት አልነበረኝም። ከቤታችን ጀርባ ያለው ጓሮ በሙሉ እንሰት ነው፤ እንሰቱ ደግሞ የእናቴ ነው። አባቴ እንኳ ሳያስፈቅዳት አንዲት እግር አይነቅልም። ሴት በሰፈራችን የምትመዘነው በእንሰቷ ነበር፤ እንሰቷ የገረጣባት ሴት ሰው ፊት ቀና ብላ አትሄድም። በየጠዋቱ ጋጡን ጠርጌ፣ እበቱን በቅርጫት ተሸክሜ፣ እሷ በጣቷ የምታሳየኝ እንሰት ሥር የምደፋው እኔ ነበርኩ። የሚጎብጠው የኔ ወገብ ከሆነ አንዱ ቅርጫት የኔ ነው አልኩ። በእንሰቱ መሐል ፀሐይ የምትገባበት ቦታ ፈልጌ፣ ሰሌን የምታህል መደብ ቆፍሬ ዘራሁ።

መጀመሪያ ትኩስ እበት ጨመርኩበት፤ ቡቃያው ተቃጥሎ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የተብላላውን፣ እናቴ ለችግኞቿ ያስቀመጠችውን ክምር መስረቅ ጀመርኩ። ሰላጣው ያኔ ተነሳ። ጠዋት ጠዋት በሰፋፊዎቹ የእንሰት ቅጠሎች ሾልኮ የሚመጣው ብርሃን ሲያርፍበት ማየት እንዴት ደስ ይል ነበር! በሕይወቴ የኔ ያልኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

አንድ ረቡዕ ማታ እናቴ ደረሰችበት።

“የእንሰቴን ምግብ ለሣር ሰጠሽው? ቅዳሜ የጎረቤት ሴቶች እንሰት ሊፍቁ ሳይመጡ ንቀይው!”

“አልነቅልም።”

ይህ ቃል በቤታችን ለእሷ ተብሎ አያውቅም። አባቴ ስኒውን አስቀምጦ በሩን በሩን አየ። እናቴ ግን አልመታችኝም። “እሺ” አለች ቀስ ብላ። “እንሰቴን ከናቅሽ ቆጮዬን አትነኪም። ሣርሽን ብዪ።”

እስከ ነገ ማታ ትለምነኛለች ብላ ነበር። እኔ ደግሞ የእሷው ልጅ ነኝ። እነሱ ቆጮውን ቅቤ በጠጣ ጎመን ሲበሉ፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሰላጣ በጨው አኝክ ነበር። የቅቤው ሽታ ሊገድለኝ ደረሰ። ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጥ ልጅ ዳቦ ታካፍለኝ ነበር፤ እሱን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም።

ቅዳሜ የጎረቤት ሴቶች ለፍቀት መጡ። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም፤ ጨዋታውም ሐሜቱም የሴቶቹ ነው። ጣውላቸውን አቁመው፣ በአንድ እግራቸው እንሰቱን ደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ሲፍቁ ጓሮው በአንድ ዓይነት ድምፅ ይሞላል። እኔ መደቤ ፊት እጄን አጣምሬ ቆሜአለሁ። የሁሉም ታላቅ የነበሩት ጎረቤታችን አዩኝ።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ሰላጣ ነው። ጥሬውን ይበላል” አልኩ።

ወደ እናቴ ዞረው ሳቁ። “አንቺ ሴት፣ ልጅ መስሎን ፍየል ነው ያሳደግሽው! ለዚህ ብለሽ ነው እንሰትሽን ያስራብሽው?”

ሁሉም ሳቁ። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳችና ወደ እኔ መጣች። ልትነቅለው ነው አልኩ። “እማ፣ አልነቅልም” አልኳት በሹክሹክታ። ጎንበስ ብላ ትልቁን ቅጠል ቀነጠሰች። ሰላጣው ሊያብብ አገዳ ማውጣት ጀምሮ ስለነበር እንደሚመር አውቃለሁ። አጥፋ አፏ ከተተችው፤ ሴትዮዋን ዓይን ዓይናቸውን እያየች እስከ መጨረሻው አኝካ ዋጠችው።

“ልጄ ናት ያበቀለችው” አለች። “ይጣፍጣል። ያማረው ሰው እሷን ያስፈቅድ።”

ያስፈቀደኝ ሰው አልነበረም። የመፋቂያው ድምፅ ግን ተመልሶ ቀጠለ።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴን እንሰቱ ጀርባ አፏን በውሃ እየተጉመጠመጠች ስትተፋ አገኘኋት። እንዳየኋት አየች፤ አላፈረችም።

“ምን ታያለሽ? ነገ ከአሮጌው ክምር ሁለት ቅርጫት ውሰጂ። የኔ ልጅ እንዲህ የሚመር ነገር አታበቅልም።”

ማታ ቆጮዬን በአይብ አድርጋ ራሷ አቀረበችልኝ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

አሁን የራሴ ግቢ አለኝ፤ እንሰቱም ሰላጣውም እንደ ፈቀድኩ ነው። እናቴን ከቀበርናት ሁለት ክረምት አለፈ። የምተክለውን የሚከለክለኝ፣ ፍጌን የሚቆጣጠረኝ የለም። አንዳንድ ጠዋት መደቡ ፊት እቆምና፣ አልነቅልም የምላት እናት አጣለሁ።