የትንሿ ጣት ቁልፎች

ባታምኑኝ አልቀየምም። ሚዛን ከተማ ፎቶ ቤት በነበረኝ ጊዜ ያገለገለ ኮምፒውተር ከአንድ የቴፒ ነጋዴ ገዛሁ። ፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙም አብሮት መጣ። ታዲያ በግራ እጃችን ትንሿ ጣት የምንጫናቸው ሺፍትና ኮንትሮል እዚያ ፕሮግራም ውስጥ አይሠሩም፤ ሥራቸው ለአውራ ጣት እንዲመች ስፔስ አጠገብ ላሉት ቁልፎች ተሰጥቷል። እንደ ወጉ አስተካከልኩት። በማግስቱ ስከፍተው እንደገና ተዛውሯል። ሦስቴ መለስኩት፣ ሦስቴ ተዛወረ። በቫይረስ አሳብቤ ተውኩት።

አንድ ቀን ጥቁር የለበሰች ሴት የባሏን ፎቶ ይዛ መጣች።

«ለሙት ዓመቱ አሳድግልኝ» አለችኝ።

ሰውየው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የግራ እጁ ትንሿ ጣት የለችም።

«የጎደለችውን ጣቱንም ሙላልኝ ወንድሜ። ሲደብቃት ነው የኖረው። እሱም እንዳንተ ፎቶ ቤት ነበረው፣ ቴፒ ላይ፤ ሲሞት ኮምፒውተሩን ለነጋዴ ሸጥነው።»

ፊቷ ያለው ኮምፒውተር የባሏ መሆኑ ያኔ ገባኝ። በዚያው ኮምፒውተር ከቀኝ እጁ ትንሿን ጣት ቀዳሁና ገልብጬ ቀጠልኩለት። አትሜ ስሰጣት አለቀሰች።

በማግስቱ ፕሮግራሙን ስከፍት ሺፍትና ኮንትሮል ማንም ሳይነካቸው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል።