ሁሉም የሚያውቀው ቢሮ

በስማቸው የሚጠራቸው ተማሪ የለም። ከጀማሪ እስከ ተመራቂ ሁሉም "እትዬ ፖሊሲ" ነው የሚላቸው። ፊት ለፊት ግን ደፍሮ የሚላቸው ስለሌለ የማያውቁ ይመስላሉ። በደንብ ያውቃሉ። ደስም ይላቸዋል።

ሥራቸው የዩኒቨርሲቲውን የፆታዊ ጥቃት መከላከያ ቢሮ መምራት ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ስታቲስቲክስ አስተምረዋል፤ አመሉ አልለቀቃቸውም። ሾርባ ጨው ሲበዛበት "በሠላሳ በመቶ አልፏል" ይላሉ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከዚህች ሴት ጋር መጣላት እንኳ በግራፍ ነው ይሉ ነበር።

አዲስ ተማሪዎች በገቡ ቁጥር ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎኑ ለእሳቸውም ይደርሳል። ከእሳቸው በፊት የሚናገሩት ኃላፊዎች አዳራሹን አስተኝተው ነው የሚወርዱት። እሳቸው ግን ሁሉንም ከወንበሩ ያስነሱታል። የቢሮውን አጭር የስልክ ቁጥር መጀመሪያ የቀኙን ወገን፣ ቀጥሎ የግራውን፣ ከዚያ ወንዶቹን፣ ከዚያ ሴቶቹን እያስጮኹ ያስደግሙታል። የኳስ ደጋፊዎች ቁጥሩን በዜማ አድርገው ዳኛ ሲያጠፋ ይዘፍኑበታል። የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህ ቀልድ ሆነ ብለው ሲያጉረመርሙ፣ "ይቀልዱበት፤ ብቻ አይርሱት" አሉ። ደንቡንም ራሳቸው በቀላል አማርኛ አሳጥረው ጽፈው በየመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ በውስጥ በኩል አስለጥፈዋል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሌላ የሚያነበው ነገር የለውም።

ቢሮው ድሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች ከሚከመሩበት አጠገብ ነበር። እትዬ ፖሊሲ ይህ ቦታ ያንገበግባቸው ነበር። ደጅ ጠኑ፣ ተለማመጡ፣ ተጣሉ፤ በመጨረሻም ከተማሪዎች ምግብ ቤት ፊት ለፊት፣ ሰልፉ ተጠማዝዞ በሚያልፍበት በኩል አንድ ክፍል ተሰጣቸው። በሩ ላይ የቤት በር የሚያህል ሐምራዊ ሰሌዳ አሰቀሉ። በዚያ ቀን ለሠራተኛው ሁሉ ብስኩት ገዝተው አደሉ። ከእንግዲህ አላየሁም፣ አልሰማሁም የሚል ተማሪ አይኖርም ብለው ነበር የተደሰቱት።

አልተሳሳቱም። መጠይቅ በትነው ሲሰበስቡ ከመቶ ተማሪ ዘጠና አራቱ ቢሮውንም ቁጥሩንም ደንቡንም ያውቃል። የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ለቢሮው የቀረበ አቤቱታ አንድም እንደሌለ አበሰሩ፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እትዬ ፖሊሲም ተነሥተው እጅ ነሡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ስታቲስቲክስ ያስተማረ ሰው ዜሮ ሲያይ እጅ ከመንሣቱ በፊት ትንሽ መጠርጠር ነበረበት። ግን ጭብጨባ ደስ ይላል።

የታናሽ እህታቸው ልጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነች። እናቷ ሌላ ከተማ ስለምትኖር ልጅቷን "አደራሽን፣ በአንቺ ጥያታለሁ" ብላ ለእህቷ ሰጥታለች። ልጅቷ በሳምንቱ ቀናት ዶርም ታድራለች፤ ቅዳሜና እሑድን አክስቷ ቤት ነው የምታሳልፈው። ወሬ ስለማትጨርስ አክስቷ "ራዲዮ" ይሏታል። በዚያ ዓመት ግን ራዲዮው ባትሪ እንዳለቀበት ሁሉ ድምፁ ጠፋ። እትዬ ፖሊሲ ነገሩን በፈተና አሳበቡት።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ልጅቷ ሳህን እያጠበች ጀርባዋን እንደሰጠች ተናገረች።

"አክስቴ፣ ትምህርቱን ላቆም ነው።"

"ምን አልሽ?"

"ላቆም። በዚህ ሳምንት እወጣለሁ።"

"ጤና የለሽም እንዴ? እዚህ ድረስ መጥተሽ? ለእናትሽ ምን ብዬ ልንገራት? ልጅሽ ኬሚስትሪ ሰለቻት ልበላት?"

ልጅቷ የታጠበውን ሳህን መልሳ ማጠብ ጀመረች። ያንኑ ሳህን እያሸች ነው የነገረቻቸው። የቤተ ሙከራው ረዳት የሥራ ሪፖርቷ ጠፋ ይላታል፤ ሌሎቹ ሲወጡ ብቻዋን ቀርታ እንድትደግመው ያደርጋታል። ከእነዚህ ቀናት በአንዱ በሩን ቆልፎ ያዛት። ገፍትራው፣ ቁልፉን ከፍታ ወጣች። ከዚያ ወዲህም ሪፖርቷ መጥፋቱን አላቆመም፤ ያለ እሱ ፊርማ ደግሞ ኮርሱ አያልፍም።

እትዬ ፖሊሲ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከአፋቸው መጀመሪያ የወጣው "በደንቡ አንቀጽ..." የሚል ነበር። አልጨረሱትም። አፈሩ።

"ታዲያ ለምን አልመጣሽም? ቢሮዬ እዚያው አፍንጫሽ ስር አይደል?"

"እዚያው መሆኑ ነው እኮ። ምሳ ሰዓት ግማሹ ግቢ ተሰልፎ በርሽን ነው የሚያየው። አንዷ የዶርሜ ልጅ አምና መቀስ ልትዋስ ገብታ ወጣች። ዓመቱን ሙሉ 'ማነው እሱ? ማነው?' እያሉ አደረቋት። መቀስ ነው ብትል ማን ይመናት።"

"ሌላ ሰዓትስ?"

"ሰልፍ የሌለው መቼ ነው? ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ እራት አለ። አክስቴ፣ ወደ ቢሮሽ ማንም አይገባም።"

በማግስቱ እትዬ ፖሊሲ ደንቡ የሚለውን አደረጉ። ዘመድ በመሆናቸው ከጉዳዩ ወጥተው ለቢሮው የሕግ ባለሙያ አስረከቡ። ልጅቷ እያመነታች ተስማማች፤ ራሷ እስክትነግራት ድረስ እናቷ ምንም እንዳትሰማ አክስቷን አስማለች። እትዬ ፖሊሲ ከእህታቸው ደብቀው የሚያውቁት ነገር የለም። ማሉ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የተቀመጠው የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ፣ እያቃሰተ የሚዞር ማራገቢያ። ሰብሳቢው የተማሪዎች ዲን ናቸው። ነገር ሲከር የማይወዱ፣ ሁሉንም አስማምቶ ወደ ቤት መሄድ የሚመርጡ ሰው ናቸው። ረዳቱ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ከሰው ጋር ተግባቢ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላውን የሚያውስ ዓይነት። ምንም አላደረግሁም አለ። አንድ ምስክር ብቻ እንዲጠራለት ጠየቀ፤ የጠራውም እትዬ ፖሊሲን ነበር። ዲኑ የሰሙትን ተጠራጥረው አስደገሙት።

ሰውየው ግን አስቦበታል። ልጅቷ የምትበላው የምትጠጣው የመከላከያ ቢሮው ኃላፊ ቤት ነው። ደንቡን ከማንም በላይ ታውቃለች። እውነት ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ለአክስቷ አትናገርም ነበር? ወራት ዝም ብላ፣ ውጤት ሲበላሽባት ነው ያስታወሰችው አለ። የኮሚቴው አባላት ተያዩ። እዚህ ላይ ካመኑት ልጅቷ ሻንጣዋን ሸክፋ ትወጣለች፤ ያውም ውሸታም ተብላ።

"ነግራዎት ነበር?" አሉ ዲኑ።

"በጊዜው አልነገረችኝም።"

"ቢሮውን ታውቀዋለች?"

"ታውቀዋለች።"

"ሌሎቹ ተማሪዎችስ?"

"ከመቶ ዘጠና አራቱ።" ረዳቱ አንገቱን ነቀነቀ። እትዬ ፖሊሲ ግን አልተቀመጡም። "ያውቁታል፤ አይገቡበትም። በሩን ሰልፍ ፊት የተከልኩት እኔ ነኝ። ማን እንደገባ ግቢው በሙሉ ያያል፤ ስለዚህ የተበደለችዋም ምሳዋን በልታ ወደ ዶርሟ ትሄዳለች። አቤቱታ የለም ብለን ያጨበጨብነው አጉል ጭብጨባ ነው። የእሷ ዝምታ ለዚህ ሰው ምስክር ሊሆንለት አይገባም።"

ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸውም አጨብጭበዋል።

ረዳቱ አልተረበሸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እሺ፣ በሩ ይታያል እንበል" አለ። "ስልኩስ? ስልክ ላይ ማን ያያታል? ቁጥሩን ሕፃን እንኳ ይዘፍነዋል።"

ስልኩን ከጠዋት እስከ ማታ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው የሚጠብቁት እትዬ ፖሊሲ ናቸው፤ ስለ ስልኩ ምንም ሰበብ አልነበራቸውም።

"ደውያለሁ" አለች ልጅቷ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን የምታየው ጠረጴዛውን ነበር።

"መቼ?" አሉ ዲኑ።

"ከላብራቶሪ በወጣሁ ቁጥር። ከጓደኛዬ ስልክ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"አክስቴ ታነሳና፣ 'ሃሎ፣ ማን ልበል?' ትለኛለች።"

በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ስልክ ሲያነሣ ሌላ ነገር የሚል አልነበረም። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። በየመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደዋይ ስሟን አትጠየቅም ይላል፤ ያንን የጻፉት ሴትዮ ደግሞ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ገና ከመጀመሪያው ስም ይጠይቃሉ። ሳያስቡት፣ እንደ ሰላምታ።

"'ማን ልበል' ስትለኝ" አለች ልጅቷ፣ "የእህትሽ ልጅ ነኝ ማለት አቃተኝ። ዘጋሁት። አንድ ቀን እራት ላይ፣ 'አንዱ ስድ እየደወለ ይዘጋብኛል፣ ካገኘሁት አልለቀውም' አለችኝ። ከዚያ በኋላ መደወሉንም ተውኩት።"

እትዬ ፖሊሲ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ያንን እራት አስታወሱት። ስቀውበትም ነበር። በሰው ፊት አያለቅሱም ይባሉ የነበሩት ሴትዮ እዚያው አለቀሱ።

ጓደኛዋ ተጠርታ ስልኩን ማዋሷን መሰከረች። ቢሮው ክሊኒኩና የፎቶ ኮፒው ቤት ወዳሉበት፣ ሰው በብዙ ምክንያት ወደሚመላለስበት ኮሪደር ሲዛወር፣ ስለዚያው ቤተ ሙከራ የሚናገሩ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች መጡ። ረዳቱ ከሥራ ተባረረ፤ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ተመራ። ልጅቷ ትምህርቷን ቀጠለች። ለእናቷ በዕረፍት ጊዜ፣ ራሷ ሄዳ ነገረቻት።

የቢሮውን ስልክ አሁን የምታነሣው ሌላ ሴት ናት። እትዬ ፖሊሲ በየዓመቱ አዳራሹን ማስጮኻቸውን አልተዉም። ቤታቸው ስልክ ሲደወል ግን ያነሡና ዝም ይላሉ። ያቺ የለመዷት ቃል ምላሳቸው ላይ ደርሳ ትቀራለች። እህታቸው ከወዲያ ማዶ "ሃሎ? ሃሎ? ኧረ አለሽ ወይ?" እያለች ትጮኻለች።

"አለሁ" ይላሉ።