አክስቴ የተሸከመችው ፍግ

ዛሬ ጠዋት ወልቂጤ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ አትክልተኛው ፍግ ሲበትን ሽታው ክፍል ድረስ ገባ። ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ያዙ፤ እኔ ያሳደገችኝን አክስቴን አሰብኩ።

ያኔ እምድብር አጠገብ ነበር የምንኖረው፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን የሳይንስ መምህራችን ተክል ምግቡን ከአፈር እንደማያገኝ ነገሩን። «ቅጠሉ ውስጥ ክሎሮፕላስት የሚባሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ነገሮች አሉ። በፀሐይ ብርሃን ከውሃና ከአየር ስኳር ይሠራሉ። ቆጯችሁም የዚያ ስኳር ውጤት ነው» አሉ።

እየሮጥኩ ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። በቅርጫት ፍግ ተሸክማ ወደ እንሰቱ እየወሰደች ነበር።

«ከአየር?» አለች ቅርጫቱን አውርዳ።

«ከአየርና ከውሃ። ከአፈሩ አይደለም።»

ቀና ብላ ሰፊውን ቅጠል አየችው። «ታዲያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሸከም ኖርኩ ልጄ?»

አልተቆጣችም፤ ቅርጫቱን አንስታ እንሰቱ ሥር ደፋችው።

መልሱን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ቅጠሉ ክሎሮፕላስቱን የሚሠራበት ናይትሮጅን የሚመጣው ከፍጉ ነው፤ ያለ እሱ ገርጥቶ ይቀራል። ለመስቀል ስሄድ ልነግራት አስቤ ነበር። ስደርስ ግን እንሰቱ ተነቅሎ ልጇ ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፍ ተቀምጣለች።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

ስለ መንገዱ አወራን። የፍጉን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።