ያልታመመ ምላስ

የንግግር ባለሙያችንን፣ በሌለችበት፣ «ነብሯ» እንላታለን። ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ነው። ከልጆች ጋር ግን ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ እንደ ዶሮ ስትጮህ፣ እንደ መኪና ስታጓራ ትውላለች። እኔ ረዳቷ ነኝ፤ መጫወቻ አቀብላለሁ፣ ወላጅ አረጋጋለሁ። ያንን አባት ግን ላረጋጋው አልፈለግኩም።

አናጢ ነው። የአምስት ዓመት ሴት ልጁን ክንዷን ጨምድዶ ይዞ ገባ። ልጅቷ ከበሮን «ተበሮ»፣ ጎማን «ዶማ» ትላለች። ምላሷን ከሥር የያዘውን ክር ሊያስቆርጥላት ቢሄድ ቀዶ ሐኪሙ መጀመሪያ እኛ እንድናያት ላከው። «ማታ ማታ ምላሷን በማንኪያ እየተጫንኩ አስጠናኋት፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች» አለን፣ የምናመሰግነው መስሎት።

ነብሯ ወደ ልጅቷ ዞረች። የልጅቷን አፍ በባትሪ አየች፤ ምላሷን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን አስደረገቻት። ቀጥላ «እስቲ እንደ ቁራ እንጩህ» አለቻት። ልጅቷ «ቋ፣ ቋ» አለች፣ ጥርት አድርጋ። «ጉንፋን እንደያዘው ሰው እንሳል» ስትላት ደግሞ «ክህ፣ ክህ» አለች።

«የሚቆረጥ ነገር የለም» አለች ነብሯ። «ድምፁን ማውጣት የሚያቅተው ልጅ አለ፤ የእሱን አፍ እናሠለጥናለን። የእርስዎ ልጅ ግን፣ አሁን እንደሰሙት፣ የ‹ከ›ን ድምፅ ታወጣዋለች። ቃል ውስጥ ሲገባ ነው ከአፏ ኋላ፣ ከጉሮሮዋ አጠገብ የሚወጣውን ድምፅ ሁሉ ወደ ፊት፣ ወደ ጥርሷ የምታመጣው። ይሄ ሌላ ችግር ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።»

የአባትየው ፊት ተለዋወጠ። «እየቻልሽ ነው ለካ የምትጫወቺብኝ?» ብሎ እጁን ሰነዘረባት።

ነብሯ መሃል ገባች። «እጅዎን ያውርዱ» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እኔ ግን ቆሌዬ ተገፈፈ።

ልጅቷ የነብሯን ጋውን ከኋላ ይዛ እያለቀሰች «አባዬ፣ እንዳልተው እቶ ነው ያልቱት» አለችው።

«ሰሙ?» አለች ነብሯ። «‹እንዳልከው እኮ ነው ያልኩት› ማለቷ ነው። በእሷ ቤት እርስዎ ያሉትን ነው ያለችው። አሾፈችብኝ የሚሉት ይህንን ነው።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ያን ሁሉ ማታ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ነብሯ አላጽናናችውም። እኔም ዞር ብዬ መጫወቻ መሰብሰብ ጀመርኩ፤ ይበለው ብያለሁ። ሄዳ ጉልበቱን ያቀፈችው ልጅቷ ናት። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ያ ማቀፏ ነው።