ቦታ የያዘችው ሻሽ

በስደት ባለሁበት ዐረብ አገር፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ባለ አንድ ንግድ ቤት፣ ፍሪጅ በሚያክል አሮጌ ኮምፒውተር የሠራተኞችን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የጽዳት ሥራቸውን ለቀው ወሎ ገብተው የነበሩት እትዬ ዘይነባ ከተፍ አሉ።

«ስሜ አለ?»

«ተሰርዟል።»

«ቦታዬስ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ። ይሄ ማሽን ስም ሲሰረዝ ቦታውን ባዶውን ያስቀምጠዋል እንጂ ለሌላ አይሰጥም፤ ሰው የወረደበት የሐፍላ አውቶቡስ ወንበር በሉት አልኳቸው። ባዶ ወንበሮቹ ፋይሉን ስላጣበቡት፣ ከሰዓት በኋላ ጠራርጌ ላወጣቸው መሆኔንም ጨመርኩ።

«ወላሂ አታወጣም! አለቃው ሙዲሩ መልሶ እስኪቀጥረኝ ቦታዬን እንዳትነካ!»

«እትዬ፣ ያ ባዶ ቦታ እኮ በዓይን አይታይም።»

«አብሽር፣ እኔ ምልክት አደርግበታለሁ።»

ከቦርሳቸው ቀይ ሻሽ አውጥተው ማሽኑ ላይ አነጠፉና ወጡ። ሐፍላ ውስጥ ሻሽ የተነጠፈበት ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?

ላነሳው እጄን ስዘረጋ አለቃችን ሙዲሩ ገቡ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉ በቁጣ።

ከወንበሩ ጀምሬ እስከ ሻሹ ድረስ በዐረብኛ አስረዳኋቸው። እየተናገርኩ በራሴ አፈርኩ። አሁን ተባረርኩ ብዬ ስጠብቅ፣ ሙዲሩ ሻሹን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ነጭ ጥምጣማቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና ቀስ አድርገው ከሻሹ አጠገብ አስቀመጡት።

«እኔም በሚቀጥለው ወር ጡረታ እወጣለሁ» አሉኝ።