የሁለት ኩርፈኞች የጋራ ፕሮግራም

ሞባይል አገራችን ሳይገባ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በሚገኝ የኮምፒውተር ማዕከል በሙከራ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሜይንፍሬም የምንለው ትልቁ ኮምፒውተር ደስ እንዲለው ክፍሉ ይቀዘቅዛል፤ እኛ ሹራብ ደርበን እንቀመጣለን። ማሽኑ ላይ ሁለት ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋት፣ ነበር፤ አንዱ የጭነት፣ አንዱ የመድን። ሁለቱን የሚከታተሉት ፕሮግራሞች ከጀርባቸው አንድ የጋራ አጋዥ ነበራቸው። በማሽኑ ውስጥ የራሱ ክልል ስላለው አድሬስ ስፔስ እንለዋለን። ነገሩ እንደ ተከራዮች የጋራ ቆጣሪ ነው፤ ለአንዱ ብለህ ስታጠፋው የሌላውም ቤት ይጨልማል። ስለዚህ ሁለቱ ኃላፊዎች ሳይስማሙ አይነካም።

ኃላፊዎቹ ግን ተኳርፈዋል። የጭነቱ ኃላፊ፣ የእኔም አለቃ፣ አንድ ጊዜ ሳይጠይቁ አጋዡን አስወርደውት፣ ማለትም አስጠፍተውት፣ የመድኑ ዳታቤዝ ማንም ሳያየው ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው፤ ሳሩ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን የመድኑ ኃላፊ አባቱን ቀበረ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በሰርቪስ ሄደ፤ እኔ ተረኛ ሆኜ ቀረሁ። አለቃዬም «ሥራ አለብኝ» ብለው ቀሩ። ሰው ከቀብር የሚቀርበት ሥራ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከሰዓት በኋላ የአለቃዬ መከታተያ ስክሪን ደርቆ አልንቀሳቀስ አለ።

«አጋዡን አውርጂውና መልሰሽ አስነሺው» አሉኝ ከጀርባዬ ቆመው።

«መድኖቹን ሳንጠይቅ?»

«ማንን ትጠይቂያለሽ? ሁሉም ለቅሶ ላይ ነው። ለመሆኑ የሙከራ ጊዜሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

ገባኝ። የቋሚነት ደብዳቤዬን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፤ ታናናሾቼ የሚማሩት ደግሞ በእኔ ደመወዝ ነው። ፈራሁ፤ ከፍርሃቴም በላይ ተናደድኩ። ስልኩን አነሳሁ። ለቅሶ ቤቱ ከሾላ ገበያ ጀርባ ነው፤ ስልክ የለውም፤ ሁልጊዜ የምናስጠራው ጎረቤት ሱቅ ደውለን ነበር።

«ከድንኳን ልታስነሺው? አታፍሪም?» አሉ።

አፍሬያለሁ። ቢሆንም ባለሱቁን «እባክዎ ይጥሩልኝ» አልኩ።

የመድኑ ኃላፊ ድምፅ ሻክሮ መጣ። የሆነውን ነገርኩት።

«ከማውረድሽ በፊት የእኔን ሎግ እዪልኝ» አለ።

አየሁ። ለውጥ ሁሉ የሚመዘገብበት ሎግ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከሞላ ዳታቤዙ ቀጥ ይላል፤ አጋዡን አውርጄው ቢሆን ደግሞ መሙላቱን የሚያይ አልነበረም።

«ቦታ እንዲለቅ ወደ ቴፕ ገልብጪው፤ እጠብቃለሁ» አለ።

አባቱን የቀበረ ሰው ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ቴፕ ዞሮ እስኪያልቅ ጠበቀኝ። ከኋላው የሴቶች ለቅሶ ይሰማኝ ነበር።

«ተገለበጠ» አልኩት።

«በይ አሁን አውርጂው!» መስመሩ ስለሚቆራረጥ ይጮኽ ነበር። «የእሳቸውም ሥራ አይጎዳ!»

አለቃዬ ሰሙ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠኋቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት። ስልኩን መለሱልኝ። ኮታቸውን አንስተው ወጡ፤ በመስኮት ሳይ ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ላይ ይጋፋሉ።

አጋዡን አውርጄ አስነሳሁት። የጭነቱ ስክሪን ተመለሰ፤ አለቃዬ ግን ለቅሶ ሄደዋል። ደብዳቤዬ ሳይፈረም ጠረጴዛቸው ላይ ቀርቷል።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ደብዳቤው መጣልኝ። የአለቃዬ ፊርማ ብቻ ይበቃው ነበር። ሁለት ፊርማ ነበረበት፤ የእሳቸውና የመድኑ ኃላፊ።