የፍልፈሏ ጉድጓድ

ታላቅ እህቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ናት። ሰፈሩ ሁሉ «ፍልፈሏ» ይላታል። እሷ ቅር አይላትም፤ እኔ ግን ደሜ ይፈላል። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ስለሆንኩ፣ ከእኔ ሌላ ማንም በእሱ ባይጠራት ደስ ይለኛል።

የእሳተ ገሞራው የመጨረሻ ፍንዳታ ምንጫችንን አመድ አልብሶት ሄደ። ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን እየጫኑ ወደ ቆላው ወረዱ። እማዬ በገዛ እጇ የለሰነችውን ግድግዳ እየዳበሰች፣ «ወሩ ሳያልቅ ውሃ ካልተገኘ እኛም እንሄዳለን» አለች። ፍራሾቹን ጠቅልላ በገመድ አሰረቻቸው። እህቴ መዶሻና መሮዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

አመዱን በቀላሉ አለፈችው። ከሥሩ ጥቁር አለት ገጠማት። የሚያልፈው ሁሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «ፍልፈሏ ጥርሷ ሊረግፍ ነው» እያለ ይስቃል፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትፈልጣለች። እኔ ከላይ ባልዲ እስባለሁ።

«እትዬ፣ ይብቃሽ» አልኳት አንድ ቀን፣ መዳፏ ተሰነጣጥቆ ሳይ። «ውሃውን ተራራው ራሱ ከድኖታል።»

«አንተ ባልዲህን ሳብ። የእሳተ ገሞራ ጣቢያው ባለሙያ የነገሩንን ረሳኸው? ይሄ ተራራ አንዴ ቅልጥ ድንጋይ ሲያፈስ፣ አንዴ አመድ ሲተፋ፣ እየተነባበረ ነው ያደገው። ከአለቱ ሥር የድሮ አመድ አለ። ከዚያ ሥር የድሮ አፈር። ውሃ ካለ እዚያ ነው።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለማ ፍራሹን ትሸከማለህ።»

አለቱ ተበሳ፤ ከሥሩም እንዳለችው የጠጠረ የድሮ አመድ ወጣ። ከቀናት በኋላ መዶሻዋ ድንገት ዝም አለ። ደነገጥኩ። «ውረድና እይ» አለችኝ።

ወረድኩ። በባትሪው ብርሃን ከአመዱ ሥር ጥቁር አፈር አየሁ፤ ከፍ ዝቅ እያለ በመስመር ይሄዳል። ትልም ነበር። ሰው አርሶት፣ ሳይዘራው ተራራው ቀድሞታል። በትልሙ ውስጥ ውሃ ይመነጫል፤ የእህቴ ጫማ ርሷል።

«ከእኛ በፊትም እዚህ ኖረዋል» አለች፣ አፈሩን እየነካች። «እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።» እህቴ በመሆኗ ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እማዬ ከላይ አጎንብሳ፣ «ምን አገኛችሁ?» አለች።

«የድሮ ጎረቤት» አለች እህቴ፣ ባልዲውን ሞልታ እየላከችላት።

እማዬ እጇን ድፍርሱ ውሃ ውስጥ ነከረች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ የፍራሾቹን ገመድ ፈታች።